ዛሬ የማን ተራ ነው?

በአገራችን የታመመ መጠየቅ፣ ያዘነ ማጽናናት፣ አራስ ማየት ከአያት ከቅድመ አያት የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ጎረቤቱ ታሞ ሳይጠይቅ የቀረን ሰው «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው?» ብለን እንታዘበዋለን። ስለዚህም ከሥራ ስንወጣ፣ ወይም እሑድ ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ፣ አንድ ኪሎ ብርቱካን ወይም አንድ ኪሎ ስኳር ይዘን የበሽተኛውን በር እናንኳኳለን። ጥቂት ተቀምጠን፣ «እግዚአብሔር ይማርዎ» ብለን እንሰነባበታለን። ሕሊናችንም ዕረፍት ያገኛል።

ነገር ግን እኛ ወጥተን በሩ ከተዘጋ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሚቀረውን ሥራ የሚሠራው ማነው? እናቶችና ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቼ ዛሬ ከእኔ ጋር እንድታስቡበት የምፈልገው ይህንን ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ያነሣሁት ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ብርቱካኑን ይዘው ከሄዱት አንዷ እኔ ነበርኩና።

ቡናው ሲገነፍል

በምኖርበት ሰፈር አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ አለች። ሁለት ልጆች አሏት። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሾፌር በመሆኑ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ አብረዋት የሚኖሩት አማቷ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ሲነሡ ግማሽ ሰውነታቸው አልታዘዝ ብሏቸው ወደቁ። ሐኪም ቤት ሲወሰዱ ሕመሙ ስትሮክ መሆኑ ተነገረ። ከጥቂት ሳምንታት ሕክምና በኋላም ቀሪው እርዳታ በቤት እንዲደረግላቸው ተብሎ ወደ ቤት ተመለሱ።

በመጀመሪያው እሑድ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን፣ ሙዝና የስኳር ከረጢት ተደረደረ። እኔም ሦስት እሑድ ተመላልሼ ጠይቄያለሁ። በሄድኩ ቁጥርም ያቺ እናት ቤቱን ጠርጋ፣ ቄጠማ ጎዝጉዛ፣ ቡና አፍልታ ትቀበለናለች። እንግዳ ደርቆ አይሄድም ተብሎ ያደገች ነችና።

በሦስተኛው እሑድ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ በጠዋት መግባቷን አናውቅም ነበር። እኛ ስለ ኑሮ መወደድና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት እያወራን ሳለ፣ ጀበናውን ከሰል ላይ እንደጣደች ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ቡናው ገንፍሎ ከሰሉን ሲያጠፋው የወጣው ጭስና አመድ ነው ያነቃት። ደንግጣ «ይቅርታ አድርጉልኝ» እያለች ትለምነን ጀመር። እኛም «ኧረ ምንም አይደል» ብለን፣ ዳግመኛ የተጣደውን ቡና እስከ በረካው ጠጥተን፣ ስኒውን እንዳለ ትተንላት ወጣን።

በዚያ ቤት የነበረው ሥራ ምን ያህል እንደነበረ የተረዳሁት በኋላ ነው። ራሱን ማገላበጥ የማይችል በሽተኛ በየ2 ሰዓቱ ገደማ ጎኑ ካልተለወጠለት በዳሌው፣ በተረከዙና በጀርባው ግርጌ ያለው ቆዳ ይቆስላል። ምግብ ሲበላ ቀና አድርጎ የሚይዘው ሰው ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ትን ሊለው ይችላል። አንሶላው ሲረጥብ ወዲያው መለወጥ፣ መታጠብና መድረቅ አለበት። መድኃኒቱ ሰዓቱን ጠብቆ መሰጠት ይኖርበታል። ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ ነበር፤ ያውም ደመወዟ እንዳይቋረጥ በየፈረቃው ፋብሪካ የምትገኝ፣ በሌለችበት ሰዓት የ11 ዓመት ሴት ልጇን ከአያቷ ጋር ትታ የምትሄድ ሴት።

ብርቱካን ያላመጡት ጎረቤት

ከእኛ ሁሉ አንዲት ጎረቤት ብቻ ነገሩን አስተዋሉት። እኚህ እናት በመንገዳችን ዳር ጉሊት ተቀምጠው ቲማቲምና ሽንኩርት የሚቸረችሩ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት ናቸው። ቡናው የገነፈለ ዕለት ከእኛ ጋር ነበሩ። በማግስቱ ተመልሰው ሄዱ። የነገሯትንም ያቺ እናት ራሷ እንዲህ ስትል አጫውታኛለች፦

«ልጄ፣ እኔ ብርቱካን አላመጣሁም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገበያ የለም፤ ረቡዕ የኔ ነው። እኔ እዚህ እቀመጣለሁ፣ አንቺ ግቢና ተኚ። ቡና እንዳታፈዪልኝ።»

በዚያ ረቡዕ ለአራት ሰዓት ያህል ሳትነቃ ተኛች። «ከኅዳር ወዲህ የተኛሁት የዚያን ዕለት ነው» ትላለች።

እትዬ ግን በዚህ አላበቁም። በወሩ 21ኛ ቀን የማርያም ማኅበራችን ስንሰበሰብ፣ ጽዋው ተጠጥቶ ጸሎት ከደረሰ በኋላ «አንድ ነገር ልናገር» አሉ። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ ሒሳቡን ሥሩልኝ። እኔ ረቡዕን ይዣለሁ። የቀሩት ስድስት ቀኖች የማን ናቸው?»

ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ በኋላ አንዷ ቅዳሜ ጠዋትን ወሰደች። ሌላዋ «እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልችልም፤ ግን የልብስ ማጠቢያ መኪና አለኝና አንሶላውን እኔ አጥባለሁ» አለች። በመጨረሻ ዘጠኝ ሆነን በሳምንት ሦስት ሦስት ሰዓት ለመስጠት ተስማማን። ሦስት ሰዓት ለአንድ ሰው ብዙ አይደለም። ለዘጠኝ ሲባዛ ግን 27 ሰዓት ይሆናል። ለዚያች እናት ይህ ማለት እንቅልፍ፣ ገበያና የልጆቿን ደብተር የምታይበት ጊዜ ነበር። ትልቋ ልጇም ከትምህርት ቤት መቅረቷን አቆመች።

የወንጌሉ ስድስት ጥያቄዎች

ብዙዎቻችን የሃይማኖት አገልግሎት ሲባል ትዝ የሚለን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚፈጸመው ነው። ቅዳሴው፣ መዝሙሩ፣ ስብከቱ፣ ለሕንፃ ማሠሪያ የሚሰጠው ገንዘብ ሁሉ ተገቢ ነው። ሆኖም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ በፍርድ ቀን የሚጠይቃቸው ሆነው የተጻፉት፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶች «ስድስቱ ቃላተ ወንጌል» እያሉ የሚያስተምሯቸው ነገሮች የሚነኩት የዕለት ኑሮን ነው። የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት፣ እንግዳን መቀበል፣ የታረዘን ማልበስ፣ የታመመን መጠየቅ፣ የታሰረን መጎብኘት ናቸው። ልብ ብለን ካየናቸው አብዛኞቹ በጓዳና በማጀት የሚሠሩ፣ እናቶች በየቀኑ እጃቸውን የሚያነሡባቸው ሥራዎች ናቸው።

በዚያው ምዕራፍ የሚያስደንቀው ሌላው ነገር፣ እነዚህን ሥራዎች የፈጸሙት ሰዎች መፈጸማቸውን እንኳ አለማወቃቸው ነው። ለማን እንዳደረጉት ሲነገራቸው ራሳቸው ግራ ተጋብተው «መቼ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለወሬ ወይም ለምስጋና ብለው የሠሩት ቢሆን ኖሮ ቀኑንና ሰዓቱን ባልረሱት ነበር።

በላዔ ሰብ በጥርኝ ውሃ መዳኑን ስንሰማ ያደግን ሁሉ፣ ታሪኩን «ትንሽ ሰጥቶ መገላገል ይበቃል» ለማለት አንዳንድ ጊዜ እንጠቅሰዋለን። እኔ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ሌላ ነገር አየሁበት። የተጠማው ሰው የለመነው ውሃ ነበር፤ የተሰጠውም ውሃ ነው። እኛ ግን እንቅልፍ ለተጠማች ሴት ብርቱካን ይዘን ሄድን፤ ይባስ ብለንም ቡና አስፈላናት።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 በኢዮጴ ትኖር ስለነበረች ጣቢታ ስለምትባል ሴት ተጽፏል። ይህች ሴት ሰባኪ አልነበረችም። በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ወደ ጴጥሮስ ቀርበው እያለቀሱ ያሳዩት ከእነርሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። የእምነቷ ምስክር በእጅ ተይዞ የሚታይ የልብስ ሥራ ነበር ማለት ነው። በስፌት፣ በሽመና፣ በጽሕፈት ሥራ፣ በነርስነት ወይም በጉሊት የምትተዳደሩ እኅቶቼ፣ ሙያችሁ ራሱ አገልግሎት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

ከግሸን መንገድ ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት እናት

ከአገራችን ሴቶች መካከል ይህን ነገር በሕይወታቸው ያሳዩንን ስናነሣ ወይዘሮ አበበች ጎበናን መርሳት አይቻልም። በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ የተወለዱት ወይዘሮ አበበች አባታቸውን በጣልያን ወረራ ጊዜ በሕፃንነታቸው ያጡ፣ በልጅነታቸውም ያለ ፈቃዳቸው ተድረው ወደ አዲስ አበባ የሸሹ ናቸው። በከተማው ጥቂት ትምህርት ቀስመው፣ ሥራ ይዘው፣ ትዳር መሥርተው ይኖሩ ነበር።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር 1980 ላይ፣ ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ተጓዙ። በዚያን ጊዜ አካባቢውን ረኃብ መትቶት ነበር። በመንገድ ላይ ያዩት የሞተች እናቷን አካል ተጠግታ የነበረች ሕፃን ሁኔታ ልባቸውን ነካው። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፈሉ። ያቺን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘውም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በቤታቸው የሰበሰቧቸው ልጆች 21 ደረሱ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለሁላችንም ትምህርት ነው። ባለቤታቸው ከልጆቹና ከትዳሩ አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። ወይዘሮ አበበች ልጆቹን መረጡ። የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር በጠባብ መጠለያ ኑሮ ጀመሩ። ከዘመድ ወዳጅም እንደ እብደት የቈጠረባቸው ነበር። እርሳቸው ግን አልተመለሱም። በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት እንክብካቤና ልማት ማኅበር ወላጆቻቸውን ያጡ ብዙ ልጆችን አሳድጓል፣ አስተምሯል፤ ለሴቶችም የሙያ ሥልጠና ሰጥቷል። ወይዘሮ አበበች በኮሮና በሽታ ታመው ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ሲያርፉ እናታችን ብለው ያለቀሱላቸው እርሳቸው ያልወለዷቸው ልጆች ነበሩ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛው፣ ይህ ሁሉ ሥራ የተጀመረው ለስንቅ በተያዘ ዳቦና በሁለት ሕፃናት መሆኑ ነው። ለመሳለም የሄዱበት መንገድ ራሱ አገልግሎት የሚጠይቅ ሆኖ ተገኘ፤ «መጀመሪያ ተሳልሜ ልምጣ» ብለው አላለፉም። ሁለተኛው ደግሞ ዋጋው ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን ስትሸከመው ሸክሙ ትዳር እስከማፍረስ ይደርሳል። ከእኛ ከብዙዎቻችን የሚጠበቀው 21 ልጆች ማሳደግ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን በየሰፈራችን ብቻዋን የተሸከመች አንዲት ሴት አትጠፋም። የእርሷን ሸክም ማካፈል እንችላለን።

ተራ ማውጣት የለመድነው ነገር ነው

«ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔም ራሴ አንሥቼዋለሁ። መልሱ ግን በባህላችን ውስጥ ይገኛል። የጽዋ ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት የሚዞረው በተራ ነው። በሰንበቴ ዳቦውንና ጠላውን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ባለ ተራ ነው፤ ከዚያም ችግረኛው ይመገባል። ዕድራችን ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጀራ የሚጋግረው ሥራውን ተከፋፍሎ ነው። የወንጌል አማኞች የሆኑ ጎረቤቶቻችንም በየቤቱ የሚያደርጉት የጸሎት ኅብረት በተራ የሚሄድ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ተራን ያበጁት ማንም ሰው በደግነቱ ምክንያት ተሰብሮ እንዳይቀር ይመስለኛል።

ነገር ግን ተራችን ለሞተ ሰው ሲሠራ፣ በሕይወት ላለውና ለአስታማሚው ሲሠራ ብዙ ጊዜ አናይም። ለሐዘን ሦስት ቀን የምንቀመጥ ሰዎች፣ ወራት ለሚፈጅ ማስታመም ሦስት ሰዓት እናጣለን። በማኅበራችንም ቢሆን ድግሱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ፣ አንድ የነበረው ወጥ አራት ዓይነት እየሆነ መጥቶ ነበር። በዚያ ዓመት ግን በእትዬ ሐሳብ ወጡን ወደ አንድ መልሰን፣ የተረፈውን ገንዘብ ለበሽተኛዋ መድኃኒትና ለአንሶላ አዋልነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተነገረለት ደጉ ሳምራዊም ቢሆን የቆሰለውን ሰው አንሥቶ ቁስሉን ከጠገነ በኋላ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጥቶ አደራ ብሎት መንገዱን ቀጥሏል፤ ሲመለስም የጎደለውን እንደሚከፍል ቃል ገብቷል። ሥራውን አልተወም፤ ሰውዬውንም አልተወም። ሌላ ሰው ጨመረበት። ለሠራተኛ ሴት ይህ ትልቅ ማጽናኛ ነው።

ያልታሰቡ ስሕተቶች

ሁሉም ነገር በሰላም ሄደ ብዬ አላታልላችሁም። በሁለተኛው ወር ላይ ከተረኞቹ አንዷ በዚያ ቤት ያየችውን፣ ስለ በሽተኛዋ መኝታ ንጽሕና፣ ውጭ ወጥታ አወራች። ወሬው ዞሮ ዞሮ ከምራቲቱ ጆሮ ደረሰ። በማግስቱ ተረኛዋ ስትሄድ በሩ አልተከፈተም። «ችግሬን ለማየት ከሆነ ይበቃኛል» ብላ ከውስጥ መለሰቻት። እትዬ ሄደው ይቅርታ እስኪጠይቁ ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ አገልግሎቱ ተቋረጠ። በዚያም ሳምንት የበሽተኛዋ ዳሌ ቆሰለ። ያ ቁስል እስኪድን የወሰደውን ጊዜ ስናስበው ሁላችንም እናፍራለን። ከዚያ ወዲህ በማኅበራችን ያየነውን በር ላይ ትተን መውጣት የማይጣስ ሕግ ሆነ።

ሁለተኛው ስሕተት የራሴ ነው። የኔ ተራ ሐሙስ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነበር። ከቢሮ ስወጣ በቀጥታ ወደዚያው እሄድና ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ። በሳምንቱ ከማደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ደስ የሚለኝ ይህ ነበር። አንድ ምሽት በቤታችን የምትሠራው ልጅ እጇን አጣምራ መጣችና፣

«እትዬ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቴ እየቀረብኝ ነው» አለችኝ።

የማታ ትምህርት ትማራለች። ሐሙስ ሐሙስ እኔ ስለማልኖር ልጆቼን የምትጠብቀው፣ እራት የምታቀርበው፣ ዕቃ የምታጥበው እርሷ ነበረች። እኔ በሌላ ሰው ቤት ሳገለግል ዋጋውን የምትከፍለው እርሷ ነበረች። ያውም ፈቃዷን ሳልጠይቃት። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። መጀመሪያ ላይ «ወጥ መሥራት አልችልም» አለ። እኔም ሽሮ ለመሥራት ዲፕሎማ እንደማያስፈልግ ነገርኩት። አሁን ሐሙስ ሐሙስ እራቱን የሚሠራው እርሱ ነው፤ ዕቃ የሚያጥበው ወንዱ ልጄ ነው። ልጅቱም ትምህርቷን አታቋርጥም። ሽሮው አንዳንድ ሐሙስ ይጓጉላል፤ ግን ይበላል።

ውድ እናቶች፣ ከቤታችን ውጭ ደግ ለመባል ስንነሣ፣ በቤታችን ውስጥ ከሁሉ በኋላ የምትበላውን፣ ከሁሉ በፊት የምትነሣውን ልጅ እናስታውስ። ደመወዟን በቀኑ መስጠት፣ የዕረፍት ቀኗን መጠበቅ፣ ስትታመም ማሳከም፣ ትምህርቷን አለማሰናከል ከማንኛውም ዝክር በፊት የሚመጣ የክርስትና ግዴታ ነው።

ለመጀመር ለምታስቡ

በየሰፈራችሁ እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመጀመር የምታስቡ እኅቶች ብትኖሩ፣ እኛ ከስሕተታችን የተማርነውን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ የሚያስፈልገውን ነገር ከራሳችሁ አትገምቱ፤ ጠይቁ። «ምን ላድርግልሽ?» ብቻ ብትሏት «ምንም» ትላችኋለች። «ማክሰኞ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እኔ ልቀመጥ ወይስ ልብሱን ልጠብ?» ብላችሁ ብትጠይቋት ግን መልስ ታገኛላችሁ።

ሁለተኛ፣ የምትችሉትን ያህል ብቻ ቃል ግቡ። በሳምንት አንድ ሰዓት ሳይዛነፍ የሚመጣ ሰው፣ አንድ ቀን ሙሉ ውሎ ከሚጠፋ ሰው ይልቅ ይጠቅማል። የማይመቻችሁ ቀን ሲመጣ አስቀድማችሁ ተተኪ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ በሽተኛ ስትረዱ ከሐኪሙ ወይም ከጤና ጣቢያው ነርስ አሠራሩን ተማሩ። ጎን እንዴት እንደሚለወጥ፣ ምግብ እንዴት እንደሚሰጥ፣ መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሆነ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። በደግነት የተሠራ ስሕተትም ይጎዳል።

አራተኛ፣ እንግዳ ሆናችሁ አትሂዱ። ቡና ከተፈላ የምታፈሉት እናንተ ሁኑ፤ ስኒውንም አጥባችሁ ውጡ።

አምስተኛ፣ ያያችሁትን አታውሩ።

ስድስተኛ፣ ወንዶችን አትተዉ። በሽተኛ ማንሣትና ማዘዋወር ጉልበት ይጠይቃል። በእኛ ሰፈር ቅዳሜ ቅዳሜ ሴትየዋን አቅፎ ፀሐይ ላይ የሚያወጣቸው ጡረታ የወጣ አንድ ፖሊስ ነበር፤ እርሱም ተራውን አንድ ቀን አላዛነፈም።

አማትየዋ ከወደቁ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዐረፉ። ንግግራቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰላቸውም ነበር። አፋቸው በአንድ ወገን የተያዘ ቢሆንም፣ በየቀኑ በሩ ሲንኳኳ ጭንቅላታቸውን ከትራስ ቀና እያደረጉ ቀስ ብለው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበራቸው። «ዛሬ የማን ተራ ነው?» ይላሉ። ስሟ ሲነገራቸው በደኅናው እጃቸው ወደ ወንበሩ ያመለክታሉ።

ዐርባቸው በወጣ በሳምንቱ ምራቲቱ ወደ ማኅበራችን መጣች። ከዚያ በፊት ጊዜ ስለሌላት አባል ሆና አታውቅም። በዚያ ሰሞን ከመንገዳችን ማዶ አንዲት ወጣት መንታ ተገላግላ፣ እናቷ በክፍለ ሀገር ስለሆኑ ብቻዋን ነበረች። ምራቲቱ ሳትቀመጥ «የአራሷን ረቡዕ ማን ይዞታል?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ «እኔ ይዤዋለሁ» አሏት።

«እንግዲያው ለእኔ ይስጡኝ፤ እርስዎ ይረፉ» አለች።